በጠርዝ ውስጥ የቀረች መርፌ

ሥራ የተውኩት በአውራ ጣቴ ምክንያት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ዕድሜዬ ደርሶ ነው እላለሁ፤ ጡረታ ሲባል ያምራልና። እውነቱ ግን የቀኝ አውራ ጣቴ ደነዘዘ። አንድ ቀን ጠዋት የአሮጌ ጋቢ ጠርዝ ስዳብስ የሌላ ሰው ጣት እጄ ላይ የተተከለ መሰለኝ። ጨርቁ ይሄዳል፣ ጣቱ ይሄዳል፣ ወደ እኔ የሚደርስ ስሜት ግን የለም። ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነገር ነው። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። እኔ ዳብሼ ያሳለፍኩት ጨርቅ ሁሉ ታስሮ፣ በአቀስታ በኩል የጉጉፍቱን ደጋ አልፎ፣ ደሴን ተሻግሮ ኮምቦልቻ ሲደርስ የሚፈታው በልጄ እጅ ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላውራው። ዘሀራ እባላለሁ፤ መካነ ሰላም ተወልጄ እዚያው የኖርኩ ነኝ። ልጄ ሰአዳ ገና ጡት ሳትጥል አባቷ ሞተብኝና ገበያው ዳር በረንዳ ላይ በአንዲት የስፌት መኪና ልብስ እየጣፍኩ አሳደግኳት። የወግዲ ገበሬ የተቀደደ ኮቱን፣ የከተማው ተማሪ ዩኒፎርሙን ያመጣልኝ ነበር። እንዲህ ስኖር አቶ ጌታቸው የሚባል ሰው ከደሴ መጥቶ ማኅበር አቋቋመ። ሥራው አሮጌ ጨርቅ ሰብስቦ፣ ለይቶ፣ ለፋብሪካ መላክ ነው ተባለ። ገበያው ሳቀበት። "ሌላ ሰው ሲያብድ ጨርቁን ይጥላል፤ ይሄ ሰውዬ ሲያብድ ጨርቅ ይለቅማል" አሉት። እሱም አብሯቸው ሳቀ። የአቶ ጌታቸው ትልቁ ችሎታ ይህ ነበር። ሲስቁበት አይቆጣም፣ በነጋታው ግን ያንኑ ነገር እንደ አዲስ ይዞ ይመጣል። እኔንም የያዘኝ እንዲሁ እየተመላለሰ ነው።

ሐሳቡ ሲያወሩት ቀላል ነው። ልዋጮች በየመንደሩ እየዞሩ ሳፋና ጆግ ሰጥተው አሮጌ ልብስ ይቀበላሉ። ድሮ ደህና ደህናውን ገበያ ወስደው ይሸጡና ቡትቶውን ይጥሉት ነበር። አሁን ቡትቶው ወደ እኛ ይመጣል፣ እኛ እንለያለን። ኮምቦልቻ ያለው ፋብሪካ በማሽን ቦጫጭቆ ወደ ጥጥነት ይመልሰዋል፤ ከአዲስ ጥጥ ጋር ደባልቆም ወፍራም ክር ያወጣል። ክሩ ተመልሶ ለእኛው አገር ሸማኔዎች ይመጣና ብርድ ልብስ ይሆናል። ብርድ ልብሱ ያረጀ ዕለት ልዋጩ እንደገና በር ላይ ይቆማል።

ይህን ሁሉ ሰው ለማስማማት ደሴ ላይ ስብሰባ ተጠርቶ እኔም ተወስጄ ነበር። እንደዚያ ቀን ብዙ ፍርሃት በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ አይቼ አላውቅም። ቁርጥራጭ ጨርቅ ሊሰጡን የመጡት የልብስ ስፌት ድርጅት ሰዎች ቁርጥራጩ ከነምልክታቸው ገበያ ላይ እንዳይሸጥ ይፈራሉ። ሸማኔዎቹ ክሩ እየተበጠሰ እንዳያስቸግራቸው ይፈራሉ። ልዋጮቹ ትልልቆቹ ተስማምተው እንጀራቸውን እንዳይነጥቋቸው ይፈራሉ። የፋብሪካው መካኒክ ደግሞ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ብረት።

"ማሽኑ ውስጥ ጥርስ ያለው ከበሮ አለ" አለን። "ፍጥነቱን ዓይን አይከተለውም። ብረት ከነካ እሳት ይፈነጥቃል። ቤቱ ደግሞ ሙሉ የጨርቅ ብናኝ ነው። ብናኝ እሳት ሲነካው ከቤንዚን አይተናነስም።"

አቶ ጌታቸው ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ አቅርቦት ሰንሰለት መናገር ጀመረ፤ ሰዎች ያጨበጭባሉ፣ ይፈራረማሉ። እኔ ግን ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ያ ከበሮ ነው።

ጨርቅ መለየት ያስተማሩኝ እትዬ ተዋበች ናቸው። የወግዲ ሰው ናቸው። ክርስቲያን ናቸው፤ ሲምሉ ግን "ወላሂ" ነው የሚሉት። ከጨርቁ ክር ይመዙና ክብሪት ይለኩሱበታል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመዱ ይበናል። ፖሊስተር ቀልጦ ጥቁር ጠብታ ይሆናል፤ እሱ ወደ ሌላ ክምር ይሄዳል። የባና ሱፍ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ፋብሪካው ክሩን ቀለም ስለማይነክረው ነጩ ለብቻ፣ ቀዩ ለብቻ፣ ጥቁሩ ለብቻ ይከመራል። ቁልፍ ይቆረጣል፣ ዚፕ ይላቀቃል፣ ላስቲክ ይወጣል። እትዬ ተዋበች መቀሳቸውን ለማንም በእጅ አይሰጡም። መሬት ላይ ያስቀምጡታል፣ የፈለገ ያነሳዋል። ሰው ሲያናግራቸው ደግሞ መቀሱን ጭናቸው ሥር ይከቱትና እስኪጨርስ ያዳምጡታል።

በመጨረሻ ጠርዝ ይዳበሳል። ያን ጊዜ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ወሬም ይከለክላሉ። ጠርዙ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል ቀስ እያለ ያልፋል። ከተጠራጠሩ ጠርዙን በከንፈራቸው መካከል ይስቡታል።

"ጣትሽ ሲጠራጠር ለከንፈርሽ ስጪው" ይሉኝ ነበር።

"ኧረ እትዬ! የስንት ሰው ላብ የጠጣውን?"

"ታጥቦ ነው የመጣው፣ አትኩሪ።"

ጠርዝ ላይ ይህን ያህል የምንጨነቀው ለምን እንደሆነ ያገሬ ሰው ያውቀዋል። የእኛ ሰው የልብስ ጠርዝ ባዶ አይደለም። እስላሙም ክርስቲያኑም ክታብ አለው። አንዱ በቆዳ አስለብጦ አንገቱ ላይ ያስራል፣ ሌላው በትንሽ ቆርቆሮ አድርጎ ልብሱ ጠርዝ ውስጥ ያሰፋዋል። ለሕፃን ደግሞ መርፌ ነው። አራስ ቤት ብረት አይጠፋም። እናቲቱ ወይም አያቲቱ የመታቀፊያውን ጠርዝ ትፈታና መርፌ ከትታ መልሳ ትሰፋዋለች፤ ዓይን እንዳይበላው፣ ጂን እንዳይጠጋው። ልጁ ያድጋል፣ መታቀፊያው ያረጃል፣ መርፌዋ ትረሳለች።

መርፌዋን ማግኘት እንችልበታለን። ማውጣት ግን የሚደፍር ጠፋ። ልጁ የት እንዳለ፣ ታሞ ይሁን ጤነኛ፣ የምናውቀው ነገር የለም። መቀስ አንስተሽ ጥበቃውን ስትቆርጪበት እዚያ ማዶ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል? "እኔ ወላሂ እጄን አላስገባም" አሉ እትዬ ተዋበች። እኔም አላስገባሁም። ስለዚህ ክታብና መርፌ ያለበት ጨርቅ ሁሉ መጋዘኑ ጥግ ላይ ለብቻው ይቀመጥ ተባለ። ጥጉ አደገ። አንድ ቀን አቶ ጌታቸው መጥቶ "ይሄ ምንድን ነው? ተቆርጦ ይውጣ እንጂ!" ብሎ ጮኸ። እትዬ ተዋበች መቀሱን ፊቱ መሬት ላይ አስቀመጡለት። መቀሱን አየው፣ እኛን አየን፤ ከዚያ የሚደውልለት ሰው ትዝ አለውና ወጣ። ከዚያ በኋላ ስለ ጥጉ ያነሳ የለም። አብረውን ጨርቅ የሚለዩት ሴቶች ሲሠሩ ጀርባቸውን ወደዚያ አያዞሩም ነበር። ዘበኛችን ጋሽ ሞላ ብቻ እዚያው መጋዘን ውስጥ ያድራሉ።

ሰአዳ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስታጣ ፋብሪካው ሰው ይቀጥራል ሲባል ሄደች። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፣ ግን ደመወዝ ነው። የት መደቡሽ ብዬ በስልክ ጠየቅኳት።

"ማሽኑ መግቢያ ላይ" አለችኝ። "አንቺ የምታስሪውን እኔ እፈታለሁ፣ እማ። ደስ አይልሽም?"

"ደስ ይላል" አልኳት። ስልኩን ዘጋሁና እዚያው ክምሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመኔ ፍርሃት ነው ብል አላጋነንኩም። አንድን ጠርዝ ዳብሼ ካሳለፍኩ በኋላ እመለስበታለሁ። ሴቶቹ "ዘሀራ ጨርቅ ልታገባ ነው እንዴ?" እያሉ ይቀልዱብኛል። "አብሽሪ፣ ምንም አይመጣም" ይሉኛል። እኔ ራሴ የዳበስኩትን እስር ከላይ በቀይ ጨርቅ ማሰር ጀመርኩ። ቀዩ ሰአዳ በልጅነቷ ትለብሰው ከነበረ ቀሚስ የቀደድኩት ነው። እሷም ታውቀዋለች። ቀይ ማሰሪያ ያየች ዕለት "ዛሬ ከእናቴ ጋር ዋልኩ" ብላ ትደውልልኛለች።

ክረምት ነበር። አቶ ጌታቸው ግቢው ውስጥ ስልክ ሲያነጋግር በመስኮት አየዋለሁ። ሲስቁበት የሚስቀው ሰውዬ ፊቱ አመድ ሆነ። ሮጬ ወጣሁ።

"ማሽኑ ጋ እሳት ተነሥቷል" አለኝ።

"ማን አለ? ማን ተጎዳ በላቸው!"

"ተቋረጠ። ኔትወርክ የለም።"

ደጋግሞ ሞከረ። እኔም ሞከርኩ። በሰአዳ ስልክ ላይ የምትመልስልኝ ያቺ "ጥሪ የማይቀበል" የምትለዋ ሴትዮ ብቻ ናት። ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር በጭቃው ሮጬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ያን መንገድ እንዴት ልንገራችሁ። ጉጉፍቱ ላይ ጭጋጉ መኪናውን ዋጠው፣ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይነዳል። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ "አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያውቃል" እያሉ እጄን ይይዛሉ። እኔ ግን በዚያ ሰሞን የዳበስኩትን ጠርዝ ሁሉ አንድ በአንድ በልቤ እመልሰዋለሁ። ነጩ ነጠላ፣ የተማሪው ሹራብ፣ አረንጓዴው ብርድ ልብስ። የትኛው ነው? የትኛዋ አምልጣኝ ነው? ያ ረቢ፣ ልጄን ካገኘኋት ሁለተኛ ጨርቅ አልነካም እያልኩ ተሳልኩ። ስለቱን አልፈጸምኩም፤ እሱ ይቅር ይበለኝ።

ሆስፒታል ነው ያገኘኋት። ሁለቱም እጆቿ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልለዋል፣ ቅንድቧ የለም። ዓይኗ ግን ዓይኗ ነው። ተንበርክኬ እግሯን ያዝኩ፤ የምይዘው ሌላ ቦታ አጣሁ።

"ጓደኞቼ ጎትተው አወጡኝ" አለች። ቀጥላ ደግሞ "ያንቺ ማሰሪያ ነበረበት፣ እማ። ቀዩ። ስለዚህ አልዳበስኩትም" አለችኝ።

ከዚህ በላይ የሚያም ንግግር በሕይወቴ አልሰማሁም። መካኒኩ ከከበሮው ውስጥ ያወጣውን በመሐረብ አምጥቶ አሳየኝ። የተጣመመች ትንሽ ቆርቆሮ፣ የከሰሉ መርፌዎች። ቆርቆሮዋን አወቅኳት። አንድ ጫፏ በመዶሻ የተጠፈጠፈ ነው፤ እኔው ራሴ ከአንድ ኮት ጠርዝ ላይ ዳብሼ አግኝቻት ለጥጉ የሰጠኋት ናት። እንግዲህ አላመለጠችኝም። ታዲያ እንዴት እዚህ መጣች? ፋብሪካው ከእኛ ጨርቅ መቀበል ማቆሙን በዚያው ቀን ነገሩን። አልገረመኝም፤ እኔም ብሆን አቆማለሁ።

መካነ ሰላም ስመለስ ጋሽ ሞላ የመጋዘኑ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ኮፍያቸውን አውልቀዋል።

"ዘሀራ፣ እኔ ነኝ" አሉ። "ከነዚያ ጥጉ ላይ ካሉት ጋር ማደር አቃተኝ። ዓይኔን ስከድን ሕፃን የሚያለቅስ ይመስለኛል። መኪናው ሊመጣ ነው ሲባል ያንቺን እስር ፈትቼ ከተትኳቸው፣ መልሼ እንደነበረው አሰርኩት። ይሂዱልኝ ብዬ ነው። ብረቱን አላሰብኩም። ወላሂ ብረቱን አላሰብኩም።"

ልረግማቸው አፌን ከፈትኩ። ጥጉን አየሁት፤ ባዶ ነው። እዚያ መጋዘን ውስጥ ስሠራ ስንት ጊዜ ወደዚያ ጥግ ጀርባዬን ላለማዞር ስጠነቀቅ እንደኖርኩ ትዝ አለኝ። እኔ በቀን የፈራሁትን እሳቸው ብቻቸውን አብረውት ያድሩ ነበር። አለቀስኩ እንጂ አልረገምኩም።

መጋዘኑ ተዘግቶ ሰነበተ። ሴቶቹ ወደየቤታቸው ሄዱ፣ ሸማኔዎቹ ክር አጥተው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። አንድ ቀን አቶ ጌታቸው ሁላችንንም ጠርቶ ምን ይሻላል አለ። አንዱ መቁረጫ ማሽን ይገዛ ይላል፣ አንዱ ከሩቅ አገር ደፋር ሰው ይምጣ ይላል። እትዬ ተዋበች መቀሳቸውን ጭናቸው ሥር ከተው ሁሉንም ሰሙ።

"እኛ አንችልም" አሉ በመጨረሻ። "የምትችለው እናቲቱ ናት። የሰፋችው እጅ ትፍታው። ለዚህ ደግሞ እዚህ ከመጣ በኋላ ሳይሆን እዚያው ደጇ ላይ ነው መጠየቅ።"

በማግስቱ በዚያ ዕድሜያቸው ከሰይድ ልዋጭ ጋር ወጡ። ሰይድ አህያውን እየነዳ "ልዋጭ! ልዋጭ!" ይላል፤ እሳቸው ከኋላ በትር ተመርኩዘው ይከተላሉ። እኔም ሄድኩ። እያንዳንዱ በር ላይ ቆመው "እመቤት፣ ብረት የለበትም? ክታብ የለበትም? ፈትተሽ አውጥተሽ ስጪን" ይላሉ። ትቆጣለች፣ ታባርረናለች ብዬ እፈራለሁ። የመጀመሪያዋ ሴት ግን ሳቅ አለች። ጠርዙን በጥርሷ በጠሰች፣ መርፌዋን አወጣች፣ ጀርባዋ ላይ ባዘለችው በታናሽየው መታቀፊያ ላይ ሰካቻት። አለቀ። እኛ ስንት ወር የተንቀጠቀጥንበትን ነገር እሷ ደጇ ሳር ላይ ቆማ ጨረሰችው። ለምን ብላ እንኳ አልጠየቀችንም፤ የጠየቀችን ስለ ሳፋው ስፋት ብቻ ነው።

ከዚያ ሰይድ ለሌሎቹ ልዋጮች አስተማረ፤ ነገሩ እስከ ኩታበር ገበያ ደረሰ። ፋብሪካው መግቢያው ላይ ማግኔት ተከለና እንደገና መቀበል ጀመረ። ደሴ ላይ ሁለተኛ ስብሰባ ሲጠራ በደጅ ያልተጠየቀ ጨርቅ ማንም ላይልክ፣ ማንም ላይቀበል ሁሉም ተስማማ። እትዬ ተዋበች ይህን አይተው ነው ያረፉት።

ሰአዳ ወደ ማሽኑ ተመለሰች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አልሰማ አለችኝ። "እዚያ መግቢያ ላይ ከኔ በላይ የሚጠነቀቅ ታገኛለሽ?" አለችኝ። እዚያው አገባች፣ ሀያትን ወለደች። ላርሳት ወረድኩ። የልጄ እጅ ጠባሳው እየተሳበ ሕፃኗን ማጠብ ሲያቅተው እኔ አጥባለሁ። አንድ ቀን ሀያት ያለ ምክንያት እየጮኸች ጡት እምቢ አለች። ዝም ብዬ ተነሣሁ፣ የመታቀፊያዋን ጠርዝ ፈታሁ፣ መርፌ ከትቼ ሰፋሁት። ቀና ስል ሰአዳ ታየኛለች።

"አንቺም፣ እማ?"

"እኔም።"

በፋሻ የተጠቀለሉትን እጆቿን ያየሁ እናት ነኝ። ግን አያትም ነኝ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ሰአዳም አልከለከለችኝም።

ጣቴ የደነዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። ደህና አድርገው ሸኙኝ፤ ከራሳችን ክር የተሠራ ብርድ ልብስ አለበሱኝ፤ አቶ ጌታቸው ንግግር አድርጎ ሰዎች ሳቁበት፣ እሱም ሳቀ። ቤቴ ገባሁ። ፍርሃቱ አብሮኝ ጡረታ የሚወጣ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሰይድ ልዋጭ ደጄ ላይ ተጣራ። ሰአዳ ለሀያት ያነሰውን ልብስ ለልዋጭ ስጪው ብላ ጠቅልላ ልካልኝ ስለነበር አወጣሁለት።

"እትዬ ዘሀራ፣ ብረት የለውም?"

"እኔን ነው የምትጠይቀው?"

"አንቱንም ነው። እትዬ ተዋበች ማንንም አትለፍ ብለውኛል።"

ተናድጄ ጨርቁን ነጠቅኩትና በጣቴ አሳለፍኩት። ምንም የለም። "የለውም" ልል አፌን ስከፍት የያዝኩት ምን እንደሆነ አየሁ። መታቀፊያዋ ነው። ጣቴ ዝም ያለኝ ስለሌለ ነው ወይስ ስለደነዘዘ? ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ጠርዙን ለከንፈሬ ሰጠሁት። መሐል ላይ ስደርስ ቀዝቃዛ፣ ቀጭን ነገር ነካኝ።

ሰይድ መቀስ ሊሰጠኝ እጁን ዘረጋ። አልተቀበልኩትም። ያችን ሳሩ ላይ የቆመችውን ሴት አሰብኩ፤ ለእሷ ቀላል ነበር፣ ጀርባዋ ላይ መርፌዋን የምትሰካለት ሌላ ልጅ ነበራት። እኔ ሀያት ብቻ ናት ያለችኝ። ብፈታት እዚያ ታች ምን ይሆናል? ባልፈታት ደግሞ ወዴት እንደምትሄድ አውቃለሁ። ስልክ ደወልኩ። ሰአዳ ስታነሳ ከኋላዋ የከበሮው ድምፅ ይሰማል።

"ሀያት እንዴት ናት?"

"ደህና ናት፣ ጎረቤት ትጫወታለች። ምነው ድምፅሽ?"

"መርፌዋን አገኘኋት።"

ከበሮው ይዞራል።

"ፍቺያት፣ እማ" አለች። "እኔ እዚህ ነኝ።"

በጥርሴ በጠስኩት። ሰይድ መታቀፊያውን ተቀብሎ ሄደ። መርፌዋ መዳፌ ላይ ቀረች፤ ዝገት እንኳ አልነካትም። የምጥልበት ቦታ አጥቼ ሻሼ ጠርዝ ውስጥ ሰፋኋት። ሀያት በስልክ ስታስል በሰማሁ ቁጥር እጄ ወደ ራሴ ይሄዳል።

ሰአዳ፣ እኔ ያለፍኩ ዕለት ልብሴን ለልዋጭ ትሰጪዋለሽ፤ ስጪው፣ ሥራችን ነው። ቀይ ማሰሪያ አለበት ብለሽ ግን እንዳታልፊው። መጀመሪያ ሻሹን ፍቺ።